አፏን የተሰረቀችው ጨው ነጋዴ

የቀንድ ሹሙ ልክየለህ የጨው ነጋዴዋን የእታፈራሁን አፍ ሰረቀ። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው እንዴት የሚለው ነው። ከብት ይሰረቃል፤ ማር ይሰረቃል፤ በዚያ አገር አንድ ጊዜ የወፍጮ ድንጋይ ከነመጁ ተሰርቋል ይባላል። ሰው ግን አፉ ፊቱ ላይ እንዳለ፣ እየበላበትና እየተሳደበበት፣ አፉን ተሰረቀ ሲባል የሰማ የለም። እታፈራሁም ሰምታ አታውቅም ነበር፤ በራሷ ደርሶ አየችው።

አገሩ ከመካከሉ የተሰነጠቀ አገር ነው። ስንጥቁ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ወንዝ ያጓራል። ወዲህ ማዶ የቆመ ሰው ወዲያ ማዶ ያለውን ዘመዱን የባቄላ ፍሬ አክሎ ያየዋል፤ ማን መሆኑን ግን አይለይም፤ ቢጣራም ድምፁን ወንዙ ይበላበታል። ስለዚህ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚነጋገረው በአጋዘን ቀንድ ነበር። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ዜማ አለው፤ ሴት ልጅ ወዲያ ማዶ ስትዳር ከጓዟ ሁሉ በፊት የእናቷን ቤት ዜማ ይዛ ትሄዳለች። መሻገሪያውም ቢሆን ያለ ቀንድ አይሆንም። ገደሉ ላይ ጠፍር ተወጥሯል፤ በጠፍሩ ላይ ቅርጫት ተንጠልጥሏል፤ ቅርጫቱን የሚስበው ባሻገር ያለው ሰው ነው፤ ቀንድ ካልሰማ አይስብም። እንግዲህ በዚያ አገር ቀንድ የሌለው ሰው ዲዳም ነው፣ ሽባም ነው።

አንድ ወግ ደግሞ አላቸው። ጧት ተጠርቶ፣ ቀትር ተጠርቶ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ተጠርቶ መልስ ያልሰጠ ሰው ሞቷል፤ በማግስቱ ይለቀስለታል። ታሞ ቢሆንስ? አይሉም። ለታመመማ ጎረቤት ይነፋለታል! ጎረቤት «አለ» ብሎ ያልነፋለት ሰው፣ ጎረቤቱ መቃብር እየቆፈረለት ቢሆን ነው። ወጉ የወጣው ሰው ለሰው በሚነፋበት ዘመን ነበር። ለዚያ ዘመን ደግ ወግ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ንጉሡ ምሳ ላይ ሳሉ አንድ ቀንድ ተነፋ። ዜማው የማንም ቤት ዜማ አይደለም። አጀማመሩ የአህያ ማናፋት ነው፤ አጨራረሱ የንጉሡ ሳል። ቁርጥ የንጉሡ ሳል! ገደሉም ተቀብሎ ደገመው። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቁን እንደ ኮሶ ጭልጥ አድርጎ ዋጠ።

«ማነው?» አሉ ንጉሡ።

«ቀንድ ነው፣ ንጉሥ ሆይ» አሉ መማክርቱ።

«የማን ቀንድ?»

ዝም።

ከዚያ ዝምታ አዋጁ ተወለደ። አንድ ቀንድ ለአንድ አፍ። አፉን በሰም ላይ አትሞ ያላስመዘገበ ሰው ቀንዱ ይደፈን። በሰው ቀንድ የነፋ፣ ለሰውም ብሎ የነፋ፣ ቀንዱ ይሰበር። አዋጅ ነጋሪው ስለ ሳሉ አንዲት ቃል አላነሳም፤ «ለእናንተው ደኅንነት ነው» ነው ያለው። ደግሞስ ፍጹም ሐሰት መች ሆነና! በዚያ ሰሞን የሰው ዜማ እየሰረቁ «ልጅህ ወዲያ ማዶ ተይዟል፤ ማስለቀቂያ ማር በቅርጫት ላክ» እያሉ የሚነፉ አጭበርባሪዎች ነበሩ። አባት ማሩን ልኮ እያለቀሰ ሲገባ ልጁን ጓዳ ቁጭ ብሎ ሲበላ ያገኘዋል። ስለዚህ ብዙው ሰው «ይመዝገቡ! ይታወቁ!» ብሎ አጨበጨበ። እታፈራሁ ራሷ አጨብጭባለች።

የቀንድ ሹም ሆኖ የተሾመው ልክየለህ ነው። ዳሱን የጣለው በጠፍሩ ደጃፍ ነው፤ ወንበሩን ያኖረው ደግሞ ልክ በመተላለፊያው ላይ፣ በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን ገደል በሆነበት ጠባብ ቦታ። በዚያ አገር ሥርዓት ወንበር የያዘ ሹም የሚነሣው ለንጉሥና ለአስከሬን ብቻ ነው፤ ልክየለህ ደግሞ ሥርዓት አክባሪ ነው። እንዲያልፍ የተፈቀደለት ሰው ሲመጣ ዘበኞቹ እሱን ከነወንበሩ ብድግ ያደርጉታል፤ ሰውዬው ሾልኮ ያልፋል፤ ሹሙን መልሰው ያስቀምጡታል። ልክየለህ ሲነሣም ሲቀመጥም አያያቸውም። ጥርሱን ይፍቃል።

መመዝገቡም በባዶ እጅ አይደለም። ቤት እንዳለህ ለማስረዳት የደጃፍህን ድንጋይ ነቅለህ ታመጣለህ። ነቅለህ ስትመጣ ደግሞ «ደጃፍ የሌለው ቤት፣ ቤት አይባልም» ብለው የሚመልሱህ ቀን አለ። ቀድሞ የተመዘገበ ዋስም ያስፈልጋል። «የመጀመሪያውን ተመዝጋቢ ማን ዋሰው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ደፋር ነበር። የንጉሡ በሬ ነው የዋሰው ተባለ፤ ቀንዱ ከራሱ ላይ ተነቅሎ ስለማያውቅ ከአገሩ ሁሉ የታመነ እሱ ነው። ጠያቂው አመስግኖ ሄደ። ምን ይበል?

እታፈራሁ ለመመዝገብ የቸኮለችው በምክንያት ነው። አንዲት ልጅዋ ትብለጥ ወዲያ ማዶ ተድራ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ወሯ ገብቷል። በእነሱ ዘር ሴት በቀላሉ አትወልድም፤ ትብለጥ ስትወለድ የእታፈራሁ እናት ገደሉን ተሻግራ ባትደርስላት ኖሮ እታፈራሁም አፈር፣ ትብለጥም አፈር ነበሩ። ትብለጥ ለመጨረሻ ጊዜ ስትለያት፣ አንድ እግሯን ቅርጫቱ ውስጥ አስገብታ፣ «እማዬ፣ ምጥ ሲጀምረኝ እነፋልሻለሁ። አንቺ ሳትመጪ አልወልድም፤ ቆልፌ ነው የምጠብቅሽ» ብላታለች። ቀልድ ነው። ሁለቱም ግን አልሳቁም።

ስለዚህ የደጃፏን ድንጋይ በጨው ከረጢቷ አዝላ፣ ጎረቤቷን ጌጤን ዋስ ይዛ ከሰልፉ ገባች። ከፊቷ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ «ጥርስ የሌለው አፍ ጉድጓድ እንጂ አፍ አይደለም» ተብለው ሲመለሱ አየች። ሽማግሌው ገና ሳይርቁ አንድ አስከሬን በቃሬዛ መጣ፤ በተወለደበት በወዲያ ማዶ ሊቀበር ነው። ልክየለህ እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አለ። ወንበሩን በገዛ እጁ ወደ ቋጥኙ አስጠጋ፤ ቆቡን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ቃሬዛው አለፈ።

«አያችሁልኝ?» አሉ ሽማግሌው በድዳቸው። «በዚህ አገር ሰው ለመባል መጀመሪያ መሞት ነው።»

የእታፈራሁ ተራ ደረሰ። ሰም ያዡ ገረመው የሚባል፣ አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ ጎልማሳ ነው።

«አፍዎን ይክፈቱ፣ እትዬ። አይሳቁ፤ የሚስቅ አፍ በሕግ አይታወቅም።»

ለብ ባለው ሰም ላይ አፏን ተከለች። ገረመው ሰሙን ወደ ብርሃን ዘወር አድርጎ አየና ከንፈሩን መጠጠላት።

«አልወጣም። ጨው ከንፈርዎን ሰነጣጥቆታል። ይድገሙት።»

ደገመች። አልወጣም። አሁንም ደገመች፤ አሁንም አልወጣም፤ ፀሐይዋ ራስ ላይ እስክትወጣ ሰም ስትስም ዋለች።

«አንተ ልጅ!» አለች በመጨረሻ። «ነፍሱን ይማረውና፣ ባሌ በዕድሜው ይህን ያህል አልሳመኝም!»

ጌጤ ሳቀች፤ ዘበኞቹም ሳቁ። ገረመው ብቻ አልሳቀም። ያልወጣውን ሰም ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ እየሸፈነ፣ እንደ ዕንቁላል እየተጠነቀቀ ሣጥን ውስጥ ያኖር ነበር። እታፈራሁ ይህን በዓይኗ አይታለች። ለተበላሸ ነገር እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ደግ ሰው መሆን አለበት ብላ አለፈችው። ሞኝ!

«አፍሽ አይነበብም» አለ ልክየለህ ከወንበሩ፣ መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ። «ከንፈርሽ ሲድን ተመለሺ።»

ቀንዷን ተቀብለው ትኩስ ሰም አፈሰሱበት፤ ማኅተም መቱበት፤ መለሱላት።

ጨው ሳትነካ፣ ገበያ ሳትወጣ፣ ከንፈሯን ቅቤ እየቀባች ሰነበተች። ከንፈሯ የሙሽራ ከንፈር ሲመስል ተመለሰች።

«አይቻልም» አለ ልክየለህ። «ብዙ ቀንድ አለሽ።»

«ምን አለኝ?»

«በአፍሽ የተመዘገበ ቀንድ ሞልቷል። ሕጉ አንድ ቀንድ ለአንድ አፍ ነው የሚለው። ስግብግብ ነሽ።»

በመፋቂያው ወደ ዳሱ ግድግዳ አመለከተ። የተመዘገበው ሁሉ እዚያ ተሰቅሏል፤ የአገሩ አፍ ሁሉ፣ ከነጥርሱ፣ እንደ ቋንጣ በገመድ ላይ ተደርድሮ። እታፈራሁ ቀና ብላ አየች። የፊት ጥርሷ ጠርዙ የተሸረፈ ነው፤ ልጅ ሳለች የጨው አሞሌ ነክሳ ነው የሸረፈችው። ያ ሽራፊ እዚያ አለ። ከጎኑም አለ። ከታችም አለ። አለ፣ አለ፣ አለ! አትሳቂ የተባለው አፏ በየረድፉ ተከፍቶ የሚስቅባት መሰላት።

«ይሄ... ይሄ እኮ የእኔ ጥርስ ነው!»

«ይኸው አመነች» አለ ልክየለህ።

ገረመው ከንፈሩን መጠጠላት።

ነገሩ አሁን ገባት። ዋስ የሌለው፣ ድንጋይ የሌለው፣ ከሁሉም በላይ መታወቅ የማይፈልግ ሁሉ ማር ይዞ በዳሱ ጓሮ ይመጣል፤ ገረመው ከዚያ ከሣጥኑ የተዘጋጀ አፍ አውጥቶ ይሰጠዋል። ንጉሡ «ስንት አፍ ገባ?» ብለው ሲያስጠይቁ ደግሞ ብዙ አፍ ያስገባ ልክየለህ ነው፤ ካባ ይሸለማል። አጭበርባሪን ለመያዝ የወጣ አዋጅ ለአጭበርባሪ አፍ ሲያድል!

«ከቀንዶችሽ አንዱ» ቀጠለ ልክየለህ «የሰው ማር አጭበርብሯል። አንዱ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ እንደ ንጉሡ ስሏል። መታሰር ነበረብሽ። ግን የወህኒው በር የሚከፈተው እስረኛው በገዛ ቀንዱ ሲነፋ ነው፤ ያንቺ ደግሞ ተደፍኗል። እስኪጣራ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ።»

«ምኑን ልጠብቅ፣ ጌታዬ? ልጄ እኮ ወሯ ገብቷል! ስትነፋልኝ ምን ልመልስላት?»

«እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። እዚህ የሚታየው የቀንድ ጉዳይ ነው።»

በዚያው ሳምንት አዋጅ ነጋሪ በሁለቱም ማዶ ዞረ። ምዝገባው ተፈጽሟል፤ ከዛሬ ጀምሮ በአገራችን ያልተመዘገበ ሕያው ሰው የለም ብሎ ለፈፈ። እልል ተባለ።

ትብለጥ የነፋችው ከዚያ ወዲያ ነው። እታፈራሁ ጨው እየፈለጠች ሳለ የቤቷ ዜማ ገደሉን ተሻግሮ መጣ፤ መፍለጫው ከእጇ ወደቀ። ረጅም፣ አጭር፣ እንደገና ረጅም፤ መጨረሻው ላይ ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታመጣት ትንሽ ስብራት አለች። ምጥ አይደለም ገና፤ «አለሽ ወይ?» ነው። እናቲቱ የተደፈነውን ቀንድ አንስታ ነፋች። ጉንጯ አበጠ፤ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ድምፅ የለም። ወደ ጌጤ ቤት ሮጠች።

«ጌጤዬ፣ በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ንፊልኝ! ‹አለች› በይልኝ!»

ጌጤ በሩን ገርበብ አድርጋ በክፍተቱ አየቻት። «እቴ፣ ምን ነካሽ? ለሰው የነፋ ቀንዱ ይሰበራል። እኔም ወዲያ ማዶ ወንድም አለኝ።»

«ዋሴ አይደለሽም ወይ?»

«የዋስኩት እዚህ መኖርሽን ነው፤ በሕይወት መኖርሽን አልዋስኩም!» በሩ ተዘጋ።

ቀትር ላይ ተነፋ። ጀንበር ስትጠልቅም ተነፋ፤ የኋለኛው ግን ዜማ ሳይሆን ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ጸጥ አለ።

በማግስቱ ጧት እታፈራሁ ያየችውን ጠላት አይየው። ወዲያ ማዶ፣ በትብለጥ ደጃፍ፣ ነጭ የለበሰ፣ ባቄላ የሚያህል ሰው ተሰብስቧል፤ ድንኳን ተጥሏል። ከዚያ የቤቷ ዜማ መጣ፤ ግን ከጭራው ወደ ራሱ። በዚያ አገር የአንድ ቤት ዜማ ተገልብጦ ሲነፋ መርዶ ነው። እታፈራሁ የገዛ መርዶዋን፣ አፋፍ ላይ ቆማ፣ በገዛ ጆሮዋ ሰማች! አቤት! መሬት አልተከፈተችም፤ ሰማይም አልተቀደደም፤ አንድ ውሻ ብቻ ጮኸ።

ነጠላዋን ከላይዋ ገፍፋ አወለበለበች። «አለሁ! ኧረ አለሁ! ትብለጥ!» ወንዙ በላው። ነጠላውን ግን ባሻገር ያሉት አዩት። ከወዲህ ማዶ ሐዘናችንን የሚካፈል ደግ ሰው አገኘን ብለው ነጠላቸውን እያወለበለቡ አጸፋውን መለሱ፤ መልሰውም ደረታቸውን መምታት ያዙ። ከመካከላቸው አንዷ ወፈር ያለች ናት፤ ሰው ግራና ቀኝ ደግፏታል፤ ወገቧን ይዛ ጎንበስ ትላለች፣ ቀጥ ትላለች፣ ደግሞ ጎንበስ። እናት ያንን ጎንበስ ማለት ታውቀዋለች። ይህ ሐዘን ብቻ አይደለም። ምጥ ነው። ልጅቷ እያማጠች እናቷን ታለቅሳለች፤ እንድትመጣላት ግን አትነፋም። የሞተን ማን ይጠራል?

ዞር ስትል ጌጤ ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷን እየነጨች ስትመጣ አገኘቻት።

«ወይኔ እታፈራሁ! ወይኔ ጎረቤቴ!»

«ጌጤ! ፊትሽ ቆሜያለሁ እኮ!»

ጌጤ እንባዋን ጠርጋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «አያለሁ፣ እቴ። ግን ተነፍቷል። የነፋው ደግሞ የተመዘገበ ቀንድ ነው። የተመዘገበ ቀንድ ይዋሻል?»

«እና እኔ ማን ነኝ?»

«እኔ ምን አውቄ! እኔ ለቅሶ ደራሽ ነኝ።»

እታፈራሁ የተደፈነ ቀንዷን ይዛ ወደ ጠፍሩ ደጃፍ በረረች።

«ጌታዬ፣ ይክፈቱልኝ! ልጄ ምጥ ላይ ናት፤ በእግዜር፣ ያሻግሩኝ!»

ልክየለህ መፋቂያውን ከግራ ጥርሱ ወደ ቀኝ አዛወረ። «አንቺማ ሞተሻል። ጧት ተነፍቷል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሙት ቀንድ አይከፈትም።» ጥቂት አሰበ። «ለሳሉ ግን ትጠየቂያለሽ።»

«የሞትኩት ሴትዮ?»

«ለሳሉ ሕያው ነሽ። ለቀንዱ ሙት ነሽ። ሁለቱም በየመዝገቡ ትክክል ነው።»

በገበያው ሁሉ በምላሷ የምትፈራዋ ሴት ዙሪያዋን ቃኘች። ገረመውን አየችው፤ ከንፈሩን መጠጠላት። ዘበኞቹን አየቻቸው፤ መሬት መሬት አዩ፤ ያኔ በንጉሡ ምሳ ሰዓት እንዳዩት። ግድግዳውን አየች፤ አፏ በየረድፉ ተከፍቷል፤ አንዱም አይናገርላትም።

ያን ጊዜ ቀንዷን ወደ ፊቷ አስጠግታ ሰሙን በዚያ በሸራፋ ጥርሷ ነከሰችው። ማኅተሙን ገመጠች፤ ተፋችው። የሰሙ ጉማጅ የልክየለህ ጫማ ላይ አረፈ። ማንም አልያዛትም፤ ሰው የንጉሥ ማኅተም ሲበላ ምን እንደሚደረግ በሕጉ አልተነገረም ነበርና ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ።

ነፋች።

የቤቷ ዜማ ከራሱ ወደ ጭራው፣ በደንበኛው መንገዱ፣ ገደሉን ሞላው። ወዲያ ማዶ ነጩ ሰው ሁሉ እጁ ደረቱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ድንኳን ውስጥ ያለው ወጣ፤ ውጭ ያለው ወደ ድንኳን ሸሸ። ቀጥሎ አንድ ቀንድ መለሰ፤ ትንፋሹ ያጠረ፣ የተቆራረጠ፤ መጨረሻው ላይ ያቺ ትንሽ ስብራት አለችበት። «ነይ» ነው የሚለው። አልቃሹ ሁሉ ጠፍሩ ላይ ተረባረበ፤ ከዳሱ ኋላ በካስማ የታሰረው ቅርጫት ሊበር እንደቃጣው ወፍ ተንቀጠቀጠ።

እታፈራሁ ወደ ቅርጫቱ አመራች። መንገዱ ላይ ግን ወንበሩ አለ፤ ወንበሩ ላይ ልክየለህ አለ። ዘበኞቹ ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ «ተዉ!» ብሎ ጮኸባቸው። መፋቂያው ከአፉ ወደቀ።

«የሞተ ሰው አይነፋም! ሕግ ነው! ሞተሻል እያልኩሽ ወዴት ነው የምትሄጂው?»

ከወዲያ ማዶ ቀንዱ ደግሞ ተነፋ፤ አሁን አጠር ብሎ ነው። እታፈራሁ ቀንዷን በብብቷ ሸጎጠች። ከንፈሯ ላይ የቀረውን ሰም በእጇ ጀርባ ጠረገች። እንዲህም አለችው፦

«አፌን ለሌባ ሁሉ ስትቸረችረው ነፍስ ነበረኝ፤ አንዴ ለልጄ ብነፋበት ሬሳ ሆንኩ? ደግ፣ ሬሳ ነኝ። በል ተነሥ፤ አስከሬን ሲያልፍ ሹም አይቀመጥም!»